የኖራ ድንጋዩን ተከትሎ፦ ሆሊ አይላንድ ላይ የቀረውን የፈረስ ሐዲድ በአንድ ቀን ሄዶ የማየት ዝርዝር መመሪያ

ሰሜን እንግሊዝ ያላችሁ ወይ ለጉብኝት የምትመጡ ሐበሾች ሆሊ አይላንድ፣ በድሮ ስሙ ሊንዲስፋርን፣ ሄዳችሁ ይሆናል። አብዛኛው የኛ ሰው ሁለት ፎቶ ይዞ ነው የሚመለሰው፣ አንዱ ከፈረሰው ገዳም ፊት ለፊት፣ ሌላው ከግንቡ ስር። ልክ ነው፣ አቡነ አይዳን በ635 ገዳም የመሰረተበት ደሴት ነው፣ ሰው ለበረከት ቢሄድ ደስ ይለኛል። ግን ከግንቡ አጠገብ ተነስቶ በደሴቱ ምስራቅ በኩል ወደ ሰሜን የሚሄድ ሳር የለበሰ መንገድ አለ፣ ሰው ሽርሽር ብሎ ይሄድበታል፣ ልጆች ይሮጡበታል፣ ምን ላይ እንደቆሙ ግን የሚነግራቸው የለም። እሱ የሐዲድ መስመር ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ፈረሶች በኖራ ድንጋይ የተሞላ ፉርጎ ከሰሜኑ ካባ (ድንጋይ ከሚወጣበት ቦታ) እየጎተቱ ድንጋዩ ተቃጥሎ ኖራ እስከሚሆንባቸው ምድጃዎች ድረስ ያመጡበት የነበረ። ስራው በደራበት ጊዜ ከ100 በላይ ሰው ይሰራበት ነበር። አሁን መላው ደሴት ላይ የሚኖረው ሰው 200 እንኳን አይሞላም፣ እንግዲህ አስቡት።

ኒውካስል ስኖር ብዙ ጊዜ ሄጄበታለሁ፣ መጀመሪያ ብቻዬን ነበር፣ በኋላ ጓደኞቼንም ልጆቻቸውንም እየያዝኩ። ከዛ ሁሉ ምልልስ የተማርኩት አንድ ነገር ቢኖር መስመሩን ድንጋዩ በሄደበት አቅጣጫ ካልሄዳችሁት እንደማይገባችሁ ነው። ማለትም ከካባው ጀምሮ፣ በሐዲዱ አድርጎ፣ ወደ ምድጃው፣ ከዛ ወደ መርከቡ። ቱሪስቱ ሁሉ ግንቡን ካየ በኋላ ወደ ሰሜን ትንሽ ይራመድና ይደክመውና ይመለሳል፣ ስለዚህ መጀመሪያ መጨረሻውን ያያል፣ ምክንያቱን ሳያይ ይሄዳል ማለት ነው። መመሪያውን የጻፍኩት በዛ ቅደም ተከተል ነው፣ እባካችሁ አትገልብጡት።

ደረጃ 1፦ ሰዓቱን ያዙ፣ በትክክለኛው አቆጣጠር

ይሄ ክፍል ረጅም ነው፣ ቢሰለቻችሁም አንብቡት፣ ምክንያቱም የነፍስ ጉዳይ ነው።

ሆሊ አይላንድ በቀን ሁለቴ ደሴት ይሆናል፣ ሁለቴ ደሞ ከየብስ ጋር ይገናኛል። ባህሩ ሲጎድል በ1954 በተሰራው ኮዝዌይ ላይ በመኪና ትሻገራላችሁ፣ ሲሞላ ያው አስፋልት ውሃ ስር ይገባል። መሀል ላይ በእንጨት እግር የቆመች ትንሽ ነጭ ጎጆ አለች፣ ስታዩዋት ታምራለች ግን የተሰራችው ለውበት ሳይሆን ውሃ ለከበበው ሰው መሸሸጊያ ነው። "ገና ትንሽ ነው፣ እናልፋለን" ብሎ የገባ ሰው መኪናውን ውሃ ወስዶበት በጀልባ ወይ በሄሊኮፕተር ሲወጣ ብዙ ጊዜ ታይቷል።

የኖርዘምበርላንድ ካውንቲ ካውንስል ለእያንዳንዱ ቀን የመሻገሪያ ሰዓት ኢንተርኔት ላይ ያወጣል። እሱን ክፈቱና የምትሄዱበትን ቀን ፈልጉ፣ ከስንት እስከ ስንት ክፍት እንደሆነ ያያችሁትን ስክሪንሾት አድርጉ፣ ምክንያቱም እዛ ኔትወርክ ሊቸግራችሁ ይችላል። ሙሉ ጨረቃና አዲስ ጨረቃ አካባቢ ባህሩ በደንብ ስለሚሞላ ክፍት የሚሆንበት ጊዜ ያጥራል። ኃይለኛ ንፋስ ካለ ደሞ ውሃው ከተጻፈው ሰዓት ቀድሞ ሊመጣ ይችላል፣ ስለዚህ የተጻፈው ሰዓት የመጨረሻ ገደብ እንጂ ቀጠሮ አይደለም።

አሁን ለኛ ለሐበሾች ብቻ የሚሆን ማስጠንቀቂያ። አንዴ ለጓደኞቼ በግሩፕ "3 ሰዓት ላይ ይከፈታል" ብዬ በአማርኛ ጻፍኩ፣ እኔ ጠዋት 3 ሰዓት ማለቴ ነው፣ በፈረንጅ 9። ከመሀላቸው ሁለቱ እዚህ ብዙ አመት የኖሩ ናቸው፣ ሰዓቱን በፈረንጅ ነው የሚያስቡት፣ ከሰዓት በኋላ 3 መሰላቸው። እኛ ጠዋት ተሻግረን ዞረን ልንመለስ ስንል እነሱ ገና ከኒውካስል እየነዱ ነበር። ደግነቱ ስልክ ደወሉ። ነገሩ እንዲህ ነው፣ የሐበሻና የፈረንጅ ሰዓት ልዩነት 6 ሰዓት ነው፣ ባህሩ ከጎደለበት እስከሚሞላበት ያለውም ጊዜ ከ6 ሰዓት ብዙም አይበልጥም። ስለዚህ አቆጣጠሩን የተሳሳተ ሰው በትንሹ አይሳሳትም፣ ሙሉ በሙሉ በተቃራኒው ሰዓት ነው የሚደርሰው፣ መንገዱ ክፍት ነው ብሎ ባህሩ እየሞላ ባለበት ወይ በሞላበት። ከዛ ቀን ወዲህ ሁሌም "09:00 በፈረንጅ" ብዬ በአራት አሃዝ ነው የምጽፈው። እናንተም እንደዛ አድርጉ፣ በተለይ እናት አባት ከአገር ቤት መጥተው አብረው ከሆኑ።

ለዚህ ጉዞ የሚመቸው ቀን ባህሩ በጣም የሚጎድልበት ሰዓት ቀትር አካባቢ የሚውልበት ነው። ለምን መሰላችሁ፣ ጠዋት እንደተከፈተ ትሻገራላችሁ፣ ካባውንና መስመሩን አይታችሁ ምድጃዎቹ ጋ ስትደርሱ ባህሩ ጎድሎ የጀቲው (መርከብ ይቆምበት የነበረው መጠጊያ) ርዝራዥ ይወጣላችኋል፣ ከመዘጋቱ በፊትም ትመለሳላችሁ። በእርጋታ ለመሄድ 5 ሰዓት ያዙ፣ ልጆች ካሉ 6። ዙሩ ወደ 8 ኪሎ ሜትር ነው፣ ዳገት የሚባል ነገር የለውም።

አሸዋው ላይ ረጃጅም ምሰሶ ተተክሎ የምታዩት የድሮ የተሳላሚዎች የእግር መንገድ ነው። የካውንስሉ ሰዓት ለመኪና መንገዱ ነው እንጂ ለሱ አይሰራም፣ አካባቢውን ከሚያውቅ ሰው ጋር ካልሆነ በእግር አትግቡበት።

ደረጃ 2፦ ቤት ቁጭ ብላችሁ መስመሩን ካርታ ላይ አግኙት

መሬት ላይ ከመፈለጋችሁ በፊት ማታ አንድ ሰዓት ስጡት። የስኮትላንድ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ዌብሳይት ላይ የድሮ የብሪታንያ ካርታዎች በነጻ አሉ፣ የእንግሊዝንም ይዟል፣ ስኮትላንድ የሚለው ስም አያሳስታችሁ። የ19ኛው ክፍለ ዘመኑን ካርታ ከዛሬው የሳተላይት ፎቶ ጋር ደራርቦ ወይ ጎን ለጎን ያሳያችኋል። ደራርባችሁ የላይኛውን ግልጽነት ቀስ እያላችሁ ስትቀንሱት ድሮ ሐዲድ ተብሎ የተሰመረው ዛሬ ሳር ውስጥ ያለች ቀጭን መስመር ሆኖ ይመጣል፣ እኔ መጀመሪያ ያየሁት ማታ ከወንበሬ ተነስቼ ባለቤቴን ጠርቻታለሁ።

ካርታው ላይ አራት ነገር ፈልጉ። ሰሜን ጫፍ ላይ ኔስ ኤንድ የሚባለውን ካባ፣ ከሱ ተነስቶ ወደ ምስራቅና ደቡብ የሚዞረውን መስመር፣ ደቡብ ምስራቅ ላይ ከግንቡ አጠገብ ያሉትን ምድጃዎች፣ ከነሱ ስር ባህሩ ዳር የነበረውን ጀቲ። እያንዳንዱ ላይ ስልካችሁ ማፕ ላይ ፒን አድርጉ። የተለያየ ዘመን ካርታ ካለ ሁለቱንም እዩ፣ አንዱ ላይ ያለ ሌላው ላይ ከጠፋ መቼ አካባቢ እንደተነቀለ ገመታችሁ ማለት ነው። በደሴቱ ምዕራብ በኩል ከዚህኛው የቀደመ ሌላ መስመርና ሌላ ምድጃ እንደነበረም ትገነዘባላችሁ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ግን እሱን ተዉት፣ ምስራቁ ነው በደንብ የቀረው።

ደረጃ 3፦ የምትይዙት

ውሃ የማያስገባ ጫማ፣ ንፋስ የሚመልስ ጃኬት (ሐምሌም ቢሆን!)፣ ውሃና ምሳ፣ ፓወር ባንክ፣ ሜትር ወይ ቢያንስ ርዝመቱን የምታውቁት እንጨት። ከመንደሩ ከወጣችሁ በኋላ ሱቅም ሽንት ቤትም የለም፣ ስለዚህ መንደሩ ላይ ተጠቀሙ። ካልሲያችሁ ለስላሳ ክር ያለው አይሁን፣ ለምን እንደሆነ አሁን እነግራችኋለሁ።

አዲስ ከሆናችሁ፣ ኤ1 መንገድ ላይ ቢል የሚለው ጋ ነው የሚታጠፈው፣ ከኒውካስል ከአንድ ሰዓት ትንሽ ይበልጣል። መኪና የሌለው በባቡር በሪክ ድረስ ሄዶ ከዛ አውቶቡስ ይይዛል፣ አውቶቡሱ ግን በባህሩ ሙላትና ጉድለት ስለሚወሰን በየቀኑ ሰዓቱ ይለያያል፣ ቀድማችሁ እዩት። ደሴቱ ላይ መኪናችሁን መንደሩ መግቢያ ካለው ትልቁ ፓርኪንግ አቁሙ።

ደረጃ 4፦ ወደ ካባው

ከመንደሩ ወደ ሰሜን የሚወጣ ስትሬት ሎነን የሚባል ቀጥ ያለ የእርሻ መንገድ አለ። በእርሻዎቹ መሀል እሱን ይዛችሁ ሂዱ፣ መጨረሻ ላይ በር አልፋችሁ የአሸዋ ኮረብታዎቹ ውስጥ ትገባላችሁ። ከዚህ በኋላ ያለው የተፈጥሮ ጥብቅ ስፍራ ነው፣ በጸደይና በበጋ መሬት ላይ ጎጆ የሚሰሩ ወፎች ስላሉ ከተከለለ ቦታ ራቁ፣ ውሻ ካለ በገመድ።

እዚህ ጋ ነው ካልሲው። አሸዋው ላይ ፒሪ ፒሪ የሚባል ከኒውዚላንድ የመጣ ተክል አለ፣ ፍሬው እንደኛ አገር ጭጎጎት ነው፣ ልብስ ላይ ከተጣበቀ አይለቅም። መጥፎነቱ ማሳከኩ አይደለም፣ በሰው እግር ተጉዞ ሌላ ቦታ ስለሚበቅልና የአካባቢውን አበባ ስለሚያጠፋ ነው። ከደሴቱ ሳትወጡ ለቅማችሁ ፕላስቲክ ውስጥ ክተቱት፣ በዚህ እንዳትሰንፉ።

ካባው ጋ ስትደርሱ ብዙ አትጠብቁ፣ ሳርና አሸዋ ለብሷል። ቆም ብላችሁ ግን የመሬቱን ቅርጽ እዩ። በተፈጥሮ የተሰራ ገደል ባህር ዳር ነው የሚሆነው፣ ይሄ ግን ወደ ውስጥ የተቦረቦረ ነው፣ ግድግዳው ደረጃ ደረጃ ሆኖ ተቆርጧል፣ ከፊቱ ደሞ የማይረባው ድንጋይና አፈር የተጣለባቸው ጉብታዎች አሉ። ጉብታ ሁሉ የአሸዋ ክምር አይደለም፣ በእግራችሁ ስትረግጡት አሸዋው ይሰምጣል፣ የድንጋይ ቁልሉ ግን ጸንቶ ይይዛችኋል።

የድንጋዩን ፊት ቀርባችሁ እዩት፣ አፍንጫችሁ እስኪነካ። ከ300 ሚሊዮን አመት በላይ የሆነው የባህር ወለል ነው። እድለኛ ከሆናችሁ ክብ ክብ፣ መሀላቸው የተበሳ፣ ከምስር ብዙም የማይበልጡ ነገሮች ታያላችሁ። ክራይኖይድ የሚባል የባህር ፍጥረት የግንዱ ቁርጥራጮች ናቸው። የድሮ ሰዎች በክር ሰክተው መቁጠሪያ ያደርጓቸው ነበር፣ በደሴቱ ጳጳስ ስም "የቅዱስ ኩትበርት መቁጠሪያ" ይሏቸዋል። እናቴ ስትመጣ ይሄን ሳሳያት ጣቷን ቀዳዳው ላይ አድርጋ ዝም ብላ ቆየች፣ አንገቷ ላይ ካለው መቁጠሪያ ጋር አስተያየችው። ፎቶ አንሱ፣ በመዶሻ ግን እንዳትነኩት፣ ወደ ኪስም አይገባም።

ደረጃ 5፦ መስመሩን ማንበብ

ከካባው ስትወጡ መስመሩን ወዲያው ላታገኙት ትችላላችሁ፣ የአሸዋ ኮረብታዎቹ መሀል ይጠፋል፣ ፒናችሁን ተከተሉ። ወደ ምስራቁ ዳርቻ ስትደርሱና ወደ ደቡብ ስትዞሩ ግልጽ እያለ ይመጣል። በስተግራ ባህሩ ይሆናል፣ ከኋላችሁ ወይ ከጎናችሁ ኢማኑኤል ሄድ የሚባለው የደሴቱ ጫፍ ላይ ያለው ነጭ ፒራሚድ ይታያል፣ እሱ ለመርከበኞች ምልክት የተሰራ ነው፣ ከሐዲዱም ይቀድማል። በስተቀኝ ሎክ የሚባለው ትንሽ ሀይቅና ወፍ ማያው የእንጨት ቤት አለ፣ እዛ አረፍ ብላችሁ ምሳ ብትበሉ ይመቻል።

አሁን እንዴት ነው ሐዲድ የነበረበትን ከተራ የእግር መንገድ የምትለዩት? ሐዲዱ ራሱ የለም፣ ብረቱ ተነቅሎ ሄዷል። የቀረው የተነጠፈበት መሬት ነው። የሰው እግር መንገድ መሬቱን ይከተላል፣ ጎድጎድ ሲል ይወርዳል፣ ጉብ ሲል ይወጣል፣ ድንጋይ ሲያጋጥመው ዞር ይላል። የሐዲድ መስመር ግን ግትር ነው። ጎድጓዳው ላይ አፈር ተቆልሎ ከፍ ይደረጋል፣ ጉብታው ላይ ተቆርጦ ይገባል፣ መታጠፍ ካለበትም በሰፊው ቀስ ብሎ ነው የሚታጠፈው፣ ምክንያቱም ፉርጎ ድንገት መዞር አይችልም። ፈረስ በብረት ላይ የሚሽከረከር ፉርጎ በአፈር መንገድ ከሚጎትተው በብዙ እጥፍ ይጎትታል፣ ግን ይሄ የሚሰራው መንገዱ ሜዳ ከሆነ ብቻ ነው፣ ትንሽ ዳገት ያን ጥቅም ሁሉ ይበላዋል። ለዛ ነው ያ ሁሉ አፈር በአካፋ የተቆለለው።

ይሄን አድርጉ፦ መስመሩ መሀል ላይ ተንበርከኩና አይናችሁን ከሳሩ ጋር እኩል አድርጋችሁ ወደ ፊት እዩ። ቆማችሁ ያላያችሁት ሁሉ ይመጣል። ግራና ቀኙ እኩል ተዳፍኖ የወረደ፣ አናቱ እንደ ጠረጴዛ ለጥ ያለ፣ ከጎኑ አፈሩ የተዛቀበት ቦይ የሚመስል ጉድጓድ። ጠዋት ወይ አመሻሽ ላይ ጸሐይ ዝቅ ስትል ጥላው ስለሚረዝም የበለጠ ይጎላል። ልጆች ይሄን በጣም ይወዱታል፣ የጓደኛዬ ትንሹ ልጅ መሬቱ ላይ በሆዱ ተኝቶ "ባቡሩ ይሄው መጣ" እያለ ሁላችንንም አስተኝቶናል።

ሌላው ልምምድ ዳገቱን መለካት ነው። ስልካችሁ ላይ ውሃ ልክ የሚሆን አፕ ይኖራል፣ እንጨታችሁን መሬት ላይ አጋድማችሁ ስልኩን ከላይ አድርጉና ዲግሪውን አንብቡ፣ በየ50 እርምጃው ደግማችሁ ጻፉት። ዜሮ ዙሪያ ሲንቀሳቀስ ታዩታላችሁ። ከዛ ከመስመሩ ወርዳችሁ አጠገቡ ያለው ተፈጥሯዊ መሬት ላይ ተመሳሳዩን ለኩ። ልዩነቱ የዛ ዘመን ሰራተኞች ጉልበት ነው፣ ከዚህ በላይ የሚያስረዳ ነገር አላውቅም። ስፋቱንም አናቱ ላይ በሜትር ለኩ፣ ሦስት አራት ቦታ።

ዝናብ ያጠበው ወይ በግ የቆፈረው ቦታ ካለ ጎንበስ በሉ፣ የድንጋይ ፍርፋሪ ወይ የከሰል ቅንጣት ይታይ ይሆናል፣ ወደ ምድጃዎቹ ስትቀርቡ በተለይ። በእጃችሁ ግን አትቆፍሩ። የብረት መፈለጊያ ማሽን ይዞ መምጣትም አይቻልም፣ ቦታው የተጠበቀ ነው።

ደረጃ 6፦ ምድጃዎቹ

አሁን ደረሳችሁ። እዚህ ብዙ ጊዜ ስጡ፣ ከግንቡ የበለጠ ስጡት ብዬ ነው የምለምነው።

ኖራ ለኛ እንግዳ አይደለም፣ የጎንደር ግንቦች ድንጋያቸውን የያዘው ኖራ ነው። አሁን ደሞ ጎጃምና ወለጋ ላይ አሲዳማ የሆነው መሬት ምርት እምቢ ሲል ገበሬው ኖራ እየበተነ ያክመዋል። የዛሬ 160 አመት እንግሊዝና ስኮትላንድ ያሉ ገበሬዎችም የፈለጉት ያንኑ ነበር፣ ለአፈሩም ለግንባታውም። በ1860ዎቹ ስኮትላንድ ካለችው ዳንዲ ከተማ የመጣ ድርጅት ነው እነዚህን ምድጃዎች የሰራው፣ በኖርዘምበርላንድ ካሉት ውስጥ ውስብስብ ከሚባሉት ናቸው።

መጀመሪያ ከላይ ጀምሩ። በሐዲዱ መስመር ስትመጡ ምድጃው አናት ላይ ያለ ምንም ዳገት ትደርሳላችሁ፣ ይሄ በአጋጣሚ አይደለም፣ ያ ሁሉ አፈር የተቆለለው ፉርጎው በትክክል ምድጃው አፍ ላይ እንዲደርስና ድንጋዩን ወደ ታች እንዲደፋው ነው። አፋቸውን እዩ፣ ከለላውን ግን አትሻገሩ፣ ጥልቅ ነው። አንድ ንብርብር ከሰል፣ አንድ ንብርብር ድንጋይ፣ እንደገና ከሰል፣ እንደገና ድንጋይ፣ እንደዛ እየተደረደረ ይሞላል። እሳቱ ከስር ይለኮሳል፣ የተቃጠለው ከታች ሲወጣ ከላይ እየተጨመረ ስራው ሳይቋረጥ ይቀጥላል። ድንጋዩ ወደ 900 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲደርስ ውስጡ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል፣ 100 ኪሎ ንጹህ የኖራ ድንጋይ 56 ኪሎ ኖራ ነው የሚሆነው፣ የቀረው 44 ኪሎ በዚህ አፍ ወደ ሰማይ ይሄዳል። ያ ጋዝ ከአየር ስለሚከብድ ዳርዳሩ ላይ ይተኛል፣ በብርድ ጊዜ ሙቀት ፈልጎ ምድጃ አፍ አጠገብ የተኛ ሰው ሳይነቃ መቅረቱ በዛ ዘመን በየቦታው የታወቀ አደጋ ነበር።

ከዛ ዞራችሁ ወደ ታች ውረዱ። ከፊት ሲታዩ ትላልቅ ቅስቶች ናቸው፣ የቤተ ክርስቲያን በር ይመስላሉ። ቁጠሯቸው፣ ከላይ ካያችኋቸው አፎች ጋር የትኛው ከየትኛው እንደሚገናኝ አስቡ። ቅስቱ ስር ጨለማ ስለሆነ የስልክ መብራት አብሩና ዝቅ ያለችውን ቀዳዳ ፈልጉ፣ የተቃጠለው ኖራ በአካፋ የሚዛቀው በሷ ነው። ውጪ ያለውን ድንጋይ በእጃችሁ ዳስሱ፣ ከዛ ቀዳዳዋ አካባቢ ያለውን ዳስሱ። ውጪው ጥርብ ድንጋይ ነው፣ ጠርዙ ይለያል፣ ወደ ውስጥ ያለው እሳቱ የበላው ነው፣ ቀለሙም ተቀይሯል። እኔ እዛ ጋ ስቆም ሁሌ የሚመጣብኝ አይናቸው ነው። ውሃ ያልነካው ኖራ ላብ ካለበት ቆዳና ከአይን ጋር ሲገናኝ ያቃጥላል፣ እነዛ ሰዎች ቀኑን ሙሉ የኖራ አቧራ ውስጥ አካፋ ይዘው ሲያጎነብሱ ነው የሚውሉት።

ግንቡ ከአጠገቡ ነው፣ ሁለቱን በአንድ ፎቶ ያዙ። ግንቡ ከ16ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ አለ፣ ግን አሁን የምታዩት ያማረ መኖሪያ የሆነው ኤድዋርድ ሀድሰን የሚባል ሀብታም ከ1901 በኋላ አርክቴክቱን ኤድዊን ለትየንስን ቀጥሮ ስላሳደሰው ነው። ምድጃዎቹ ስራ ያቆሙት ወደ 19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ ነው። ቅደም ተከተሉን እዩት፣ ጭሱ ቆመ፣ ከዛ የእረፍት ቤቱ መጣ። ቱሪስት ሁሉ ለእረፍት ቤቱ ይሰለፋል፣ ምድጃው ጋ ግን ሁለት ደቂቃ ቆሞ ያልፋል፣ ይሄ ሁሌም ያንገበግበኛል።

ደረጃ 7፦ ጀቲው

ከምድጃዎቹ ወደ ባህሩ ውረዱ፣ ድንጋዩ ያዳልጣል። ባህሩ ጎድሎ ከሆነ ከአለቱ ስር መርከቦቹ ይቆሙበት የነበረው ጀቲ ርዝራዥ ይታያል። ብዙ አይደለም፣ ግን ወደ ኋላ ዞራችሁ ከዛ ሆናችሁ ምድጃውን ስታዩት ነገሩ ሁሉ ይገጥማል። መርከቡ ከዳንዲ ከሰል ይዞ ይመጣል፣ ኖራ ይዞ ይመለሳል፣ ባዶውን የሚሄድበት ጉዞ የለም። ድንጋዩ ሰሜን ነው፣ መርከቡ ደቡብ፣ ሐዲዱ የተዘረጋው ይሄን ክፍተት ለመሙላት ነው። ድንጋዩ ተቃጥሎ ስለሚጫን ክብደቱ በግማሽ ሊቀንስ ትንሽ ነው የሚቀረው፣ ግን ውሃ ያልነካው ኖራ ውሃ ሲነካው ይግላል፣ በጣም ይግላል። የእንጨት መርከብ ትንሽ ውሃ ካስገባ ጭነቱ ራሱ እሳት ሊያስነሳ ይችላል። በዚህ ጭነት ሰሜን ባህር ላይ መጓዝ ቀላል ድፍረት አልነበረም።

ደረጃ 8፦ መዝግቡ

ፎቶ ስታነሱ ሜትሩን ወይ እንጨቱን አጠገቡ አድርጉ፣ መጠኑ እንዲታወቅ። ሎኬሽን አብሩ። አንዱን ከሩቅ፣ አንዱን ከቅርብ፣ ሁሌ ጥንድ ጥንድ አድርጉት፣ ከቅርብ ብቻ የተነሳ ፎቶ ቤት ስትደርሱ የት እንደሆነ ይጠፋባችኋል። የለካችሁትን ቁጥር እዛው ስልካችሁ ላይ ድምጽ ቅዱት፣ በንፋሱ መጻፍ አይቻልም። ባህሩ ወይ ንፋሱ አዲስ የገለጠው ብረት፣ እንጨት ካያችሁ ከቦታው ሳታነሱ ፎቶውን አንሱና ግንቡን ለሚያስተዳድረው ናሽናል ትረስት ሰራተኞች አሳዩ። ባህሩ ዳሩን በየክረምቱ ይበላዋል፣ አምና ያነሳችሁት ፎቶ ዘንድሮ የሌለ ነገር ይዞ ሊገኝ ይችላል። በየአመቱ አንድ ቦታ ላይ ቆማችሁ ተመሳሳዩን ብታነሱ ጥሩ ነው፣ እኔ የምድጃውን ምስራቃዊ ጥግ ነው የመረጥኩት።

ደረጃ 9፦ መመለሻ

ከግንቡ እስከ መንደሩ በእግር ሩብ ሰዓት አካባቢ ነው፣ ከልጆች ጋር ይረዝማል፣ ወደቡ ጋ ተገልብጠው ጎጆ የሆኑትን የድሮ ጀልባዎች ሲያዩ ይቆማሉ። ኮዝዌይ ከሚዘጋበት ቢያንስ አንድ ሰዓት ቀድማችሁ መኪናው ጋ ሁኑ። ከባህሩ ጉም በድንገት ሊነሳ ይችላል፣ በጠራ ሰማይ ውስጥ ግንቡን ሳይቀር ይሸፍነዋል፣ እንደዛ ከሆነ ምንም ቢቀራችሁ ተነሱ። ሰዓቱ ካለፈባችሁ ደሞ ሌላ ሰው ሲገባ አይታችሁ አትከተሉት፣ መንደሩ ቡና ቤት ገብታችሁ ቀጣዩን መሻገሪያ ጠብቁ፣ የምታጡት ጥቂት ሰዓት ብቻ ነው።

መኪናው በር ላይ ቁጭ ብላችሁ ጫማ ስትቀይሩ ፒሪ ፒሪውን ልቀሙ፣ የልጆቹን ካልሲ ገልብጣችሁ እዩ፣ የጫማ ማሰሪያቸውንም።